የአዛናው ኮት ሁለት ፊቶች

አዛናው ፈንታ በሱዳን፣ በኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ማረፉን በስልክ ነገሩኝ፤ ከመርዶውም ጋር አንድ አደራ ተያይዞ መጣ፤ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ፣ ከአንድ ገጽም እንዳላስበልጠው። ጻፍሁት። የተወለደበትን ደብር፣ በጎንደር ከተማ በመዝገብ ቤት ሹምነት ያገለገለበትን ዘመን፣ ከባለቤቱ ከወይዘሮ አትጠገብ ጋር ያሳለፈውን ኑሮ፣ ልጅ አለመውለዳቸውንም ሳይቀር በለዘበ ቃል አሰፈርሁ። መዝጊያው ላይ «ንጹሕ ለባሽ፣ ሰው አክባሪ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር አኖርሁ። ዲያቆኑ በጥሩ ድምፅ አነበበው፤ ለቀስተኛውም ራሱን ነቀነቀ። የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነበር። ዋናው ነገር ግን አልነበረበትም።

ለዝምታዬ ምክንያት ነበረኝ። አዛናው እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ እንዳልናገር አስምሎኛል። አሁን መሐላው አብሮት ተቀብሯል። ከመሐላው ጀርባ ተከልዬ የኖርሁት እኔ ግን አለሁ፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ሁለታችንም መንግሥት በተለወጠበት ወራት በመተማ በኩል ተሻግረን ገዳሪፍ የገባን ሰዎች ነን። በዕድሜ እኩዮች ስለነበርን አንቱታ በመካከላችን አልነበረም፤ እኔ «አዛናው» እለዋለሁ፣ እሱ «መምህር» ይለኛል። በአገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበርሁ። ገዳሪፍ ከገባሁ በኋላ ግን ዐረብኛውን ከመጽሐፍ ጀምሬ በመንገድ ጨርሼ፣ የስደተኞች ማመልከቻ በሚታይበት አንድ ቢሮ በአስተርጓሚነት ተቀጠርሁ። ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሌላውን ሰው ቃል ስናገር እውላለሁ። እንዲህ ያለው ሥራ ሲቆይ የራስን ቃል ያሳንሳል፤ ቤት ስገባ የምናገረው አልነበረኝም። የምንኖረውም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ክፍሎች ነበር።

ገዳሪፍን የሚያውቅ ሰው ልብስ በዚያ ከተማ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። በበጋ አቧራው ኮሌታ ይበላል፤ በክረምት ዋልካው እስከ ጉልበት ይይዝና ሱሪ ያነክራል። አብዛኞቻችን ከሦስተኛው ዓመት በኋላ የለበስነውን ማየት ትተን ነበር። አዛናው ግን በየሳምንቱ ሌላ ሰው ሆኖ ከክፍሉ ይወጣል። ዛሬ ግራጫ ኮት ባለ ጥቁር ቁልፍ፤ በሳምንቱ ያው ኮት ይሁን ሌላ የማይለይ፣ ቁልፉ ቡናማ፣ ከውስጡ ሰደርያ ያለው። አንድ ወር ሸሚዙ ነጭ ነው፤ በሌላው ወር የሻይ ቀለም ይኖረዋል፤ ሰው «አዲስ ነው?» ሲለው «ለኔ አዲስ ነው» ብሎ ያልፋል። ከግቢያችን ደጅ ባለው ሱቅ የሚውሉት የአገር ሰዎች «ሙዲር» የሚል ስም አወጡለት፤ በዐረብኛው ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው።

«ሙዲር መጣ፤ ወንበር አቅርቡ!» ይላሉ ሲያዩት።

«ወንበሩን ተዉት፤ ሱሪዬ ይጨማደዳል» ይላቸዋል።

ከሳዑዲ ዘመድ ይልክለታል የሚሉ ነበሩ። ከአገር ሲወጣ ሣጥን ሙሉ ይዞ ነው የሚሉም ነበሩ። አዛናው ሁለቱንም ወሬ አላስተባበለም።

እውነቱን ያወቅሁት በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ነው። ወይዘሮ አትጠገብ ከውስጥ ውሃ እንዳቀብላት ጠራችኝ፤ እሱ የሌለ መስሎኝ በሩን ሳላንኳኳ ገፋሁት። አዛናው መሬት ላይ ተቀምጧል። አልጋው ላይ ግራጫው ኮት ስፌቱ ሁሉ ተተርትሮ፣ እጅጌው በአንድ ወገን፣ ጀርባው በሌላ ወገን፣ ገበሩ ለብቻው፣ እንደ ታረደ በግ ብልት በብልት ተዘርግቷል። ከአጠገቡ ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሰደርያ አለ። በቆርቆሮ ክዳን ላይ ቁልፎች ተደርድረዋል። ሌላ ምንም ልብስ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሣጥንም አልነበረም።

«ግባ እንግዲህ፤ ካየህ ወዲያ ዓይንህን ብትጨፍን ምን ዋጋ አለው» አለኝ።

«ኮቱ ምን ሆነ?»

«ገደልሁት። በሦስተኛው ቀን ይነሣል።»

«በፈጣሪ አይቀለድም፣ አንተ ሰውዬ!» አለች አትጠገብ ከአልጋው ጫፍ። ልቧ ታማሚ ነበረችና ድምፅዋ ከትንፋሽዋ ጋር እየተሻማ ነው የሚወጣው። ወደ እኔም ዞር ብላ፣ «የሠርጋችን ኮት እኮ ነው፣ መምህር። እኔ ፊቴ ሲጨማደድ ዝም ብሎ እያየ የኮቱን ፊት በየዓመቱ ያድሳል» አለችኝ።

«ያንችን ስፌት የት ብዬ ልጀምረው?» አላት። ሳቀች፤ ሳቁም አሳላት።

ያን ዕለት የሥራውን ምሥጢር አስረዳኝ። ጥሩ ሱፍ ሁለት ፊት አለው። የውጪው በፀሐይና በአቧራ ሲነጣና ሲሳሳ፣ የውስጡ ገበር ሸፍኖት እንደ ተሸመነበት ቀን ይቆያል። ስፌቱን ክር በክር ተርትሮ፣ የውስጡን ወደ ውጪ ገልብጦ መልሶ መስፋት ነው። ሸሚዝም እንዲሁ ነው፤ ኮሌታው ሲበላ ይፈታና ተገልብጦ ይሰፋል፣ የእጅጌው ጫፍ ሲተለተል ይቆረጥና የተረፈው ለደረት ኪስ ይሆናል። ቁልፎቹን ዶም በሚሉት የዘንባባ ፍሬ ውስጥ ካለው ጠንካራ አስኳል በመጋዝ እየቆረጠ፣ በሰሊጥ ዘይት እያሸ ያወጣቸዋል። ከርከደ የሚሉት ቀይ የአበባ ሻይ ነጩን ወደ አመድማ ይመልሳል፤ ተራው ሻይ ዳማ ያደርገዋል፤ የሩዝ ውሃና የከሰል ካውያ ቀሪውን ይጨርሱታል።

«በመዝገብ ቤት ሃያ ዓመት የሠራሁት ይኸንኑ ነው» አለኝ። «ዋናው ሲያረጅ ግልባጩ ይሠራል። ልብስ አያልቅም፣ መምህር፤ የሚያልቅ ፊቱ ነው።»

የተገለበጠ ኮት ግን አንድ ነገር ያጋልጠዋል። ግራና ቀኙ ስለሚቀያየር የደረት ኪሱ ከልብ ወገን ለቅቆ በቀኝ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ዓይቶ ያውቀዋል። አዛናው ይህን ለመሸፈን ብዕሩን በግራ እጁ ማውጣት ለመደ፤ ፊርማውንም በግራው ተማረ። «ምነው ኪስህ በቀኝ ሆነ?» ያለውን አንድ ሱዳናዊ ልብስ ሰፊ «ልቤ እንዳይከብደው» ብሎ ሲመልስለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ልወጣ ስነሣ ክንዴን ያዘኝ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር።

«ስንት ልብስ እንዳለኝ እኔ በሕይወት እስካለሁ ለማንም እንዳትናገር። በመድኃኔዓለም ማልልኝ።»

«ለልብስ መሐላ?»

«ለልብስ አይደለም። ሰው ዓይቶ የቀረኝን እንዳይቆጥረው ነው።»

ማልሁለት።

ከዚያ ወዲህ የሚያምነው ሰው ሆንሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በመርፌ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ መጽሐፌን አነባለሁ። ለራሱ የተማረውን ለሌላው አይነፍግም ነበር፤ የአገር ሰው ያረጀ ልብሱን ይዞ ይመጣል፣ ያንኑ ልብስ ሌላ አድርጎ ይሰጠዋል። ከእነዚህ መካከል ማማይ የሚባል ጎልማሳ አይረሳኝም። ከጭልጋ ወርዶ በባሱንዳ እርሻዎች ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ የቀን ሠራተኛ ነበር። ወባ ወሩን በላበትና ባዶ እጁን ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነ።

«ጋሼ» አለው አዛናውን፣ በሩ ላይ ቆሞ፤ «በሄድሁበት ልብስ ተመልሼ ብገባ ቀዬው ምን ይለኛል? ከቤታችን በር እስክደርስ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው።»

«ምን ምን አለህ?»

«የለበስሁትና ይች» አለ፣ አንዲት ቡትቶ ሸሚዝ ከጀርባው አውጥቶ።

አዛናው ከሁለቱ ሸሚዝ አንድ ሠራለት። የሱሪውን ጉልበት ከውስጥ ደርቦ፣ ከርከደ አጥልቆ፣ ኮሌታ አቁሞ፣ የዶም ቁልፍ ተክሎ ሲያበቃ ማማይ ራሱን በመስተዋት ስባሪ አየና ኮሌታውን በጣቱ ዳበሰ። በተከታዩ ዓመት ግን በመከር ወራት ሲመለስ ብቻውን አልነበረም። ሁለት ወንድሞቹ አብረውት መጥተዋል፤ የሱዳን ሥራ እንዲያ ያለብሳል ብለው መሬታቸውን ለሌላ አራሽ ሰጥተው። ዓመቱ ሳይሞላ አንደኛው በካላዛር በሽታ ሞተ። ማማይ ሐዘኑን ሊነግረን መጥቶ ሲሄድ፣ «ምን ታደርግ ጋሼ፤ ያንተ ስፌት ነው ያመጣቸው» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ቀልድ ነው ያለው። አዛናው ግን ለብዙ ቅዳሜዎች መርፌ አላነሣም። እኔም ልብስ ተመልካቹን ምን ሊያደርገው እንደሚችል ከዚያ ቀን በፊት አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ የአትጠገብ ሕመም ጠና። የገዳሪፍ ሐኪም ልቧ የሚታከመው ካርቱም ብቻ መሆኑን ጽፎ ሰጣት። ስደተኛ ያለ ተስሪህ፣ ያለ መንገድ ፈቃድ ማለቴ ነው፣ ከገዳሪፍ አያልፍም፤ ነፃ ሕክምናውንም የሚያገኘው ቢሮው ችግረኛ ብሎ የመዘገበው ሰው ብቻ ነው። ችግረኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ኡስታዝ ባቢክር የሚባል ሹም ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ደጁ ላይ የሚሰለፈው ብዙ፣ በዝርዝሩ ላይ ያለው ቦታ ጥቂት ስለነበር፣ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ ዓይቶ መፍረድ ልማድ ሆኖበት ነበር። አዛናውንም በልዩ ልዩ ጉዳይ ሲመላለስ ደጋግሞ አይቶታል።

አዛናው ለዚያ ቀን ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀ። ኮቱን እንደገና ገለበጠው። ሱሪውን ተኮሰ፣ ሸሚዙን በሩዝ ውሃ አደረቀ።

«ምነው እንዲህ አበዛኸው?» አልሁት።

«ቢሮ ነዋ የምገባው። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ከጠረጴዛ ወዲያ ተቀምጫለሁ፤ ተዝረክርኮ የገባውን ሰው በቅን ዓይን አላየሁትም። ባለጉዳይ ሰው መስሎ ሲገባ ነው ጉዳዩ የሚከበር።»

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። ከሹሙ ጎን በየቀኑ የምቀመጥ እኔ ነኝ፤ የዚያ ቢሮ ሚዛን ከጎንደሩ መዝገብ ቤት የተገላቢጦሽ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን ኩራቱን ነክቼ ላሳዝነው አልፈለግሁም። «አምሮብሃል» አልሁት።

ገባ። እጅ ነሣ። የሐኪሙን ወረቀት በግራ እጁ ከቀኝ ኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበ። ኡስታዝ ባቢክር ወረቀቱን ከማንበቡ በፊት ኮቱን አነበበው። ከዚያም በዐረብኛ እንዲህ አለኝ፦

«ይህን ሰው ባየሁት ቁጥር ሌላ ልብስ ነው የሚለብስ። ወላሂ፣ እኔ የማፈራርቀው ሁለት ጀላቢያ ነው። ሚስቱን ራሱ ያሳክማት፤ ከእሱ የባሰው ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሟል።» ብዕሩን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ሰው፣ ታውቀዋለህ። ተሳሳትሁ?»

ጠየቀኝ። ይህን ነው በሕይወት ታሪኩ ላይ ያልጻፍሁት። ሳልጠየቅ ዝም ብል ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ ተጠይቄ ነው ዝም ያልሁት። «አንድ ኮት ነው ያለው፤ ገልብጦ ነው የሚለብሰው» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። መሐላዬ ትዝ አለኝ። አስተርጓሚ ከራሱ ቃል እንዳይጨምር የሚለው የቢሮው ደንብም ትዝ አለኝ። ሁለቱም እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ ለብዙ ዓመታት በሁለቱ ላይ ተደግፌ ኖሬአለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ከሁለቱም በፊት የመጣብኝ ፍርሃት ነበር፤ ለአገሬ ሰው አድልተሃል ብባልና ከዚያች ወንበር ብነሣ ወዴት እገባለሁ የሚል ተራ ፍርሃት።

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ ኡስታዝ» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱን በግራው፣ ባልተፈቀዱት ክምር ላይ አኖረው። ከዚያ ወደ አዛናው ዞሬ መተርጎም ነበረብኝ፤ ያንንም አላደረግሁም።

«ለሌላ ጊዜ ይታያል ብለዋል» አልሁት።

አዛናው ለጥቂት ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ኮቱን ቆለፈ።

«አመሰግናለሁ በልልኝ» አለኝና ወጣ።

ሌላው ጊዜ ሳይመጣ ክረምቱ ገባ። ዋልካው መንገዱን ዘጋው፤ መኪና ወደ ከተማው ዳር እንኳን አልዘልቅ አለ። አትጠገብ ተቀምጣ ነው የምትተኛው፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። አዛናው ከሰደርያውና ከአንድ ሱሪ ጨርቅ ትራስ ሠርቶ ጀርባዋን ይደግፍላታል። አንድ ቀን ስጠይቃት እጄን ይዛ፣ «ተስሪሁ መቼ ይመጣል አሉ፣ መምህር?» አለችኝ። «ሊመጣ ነው» አልኋት። አዛናው ከምድጃው ዘንድ ነበር፤ ቀና አላለም። ነሐሴ ሳይጋመስ ከረፋዱ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እንደተቀመጠች አረፈች።

የሞተ ሰው ስም ከስደተኛ ካርድ ላይ መፋቅ ስላለበት አዛናው ከተስካሯ በፊት ወደ ቢሮው መምጣት ነበረበት። ኮቱን አልለበሰም። የአትጠገብን የበዓል ነጠላ፣ አረንጓዴ ጥለት ያላትን፣ ዘቅዝቆ፣ ጥለቷን ወደ አንገቱ አምጥቶ ተከናንቧታል። ነጠላ የዘቀዘቀ ሰው ሐዘንተኛ መሆኑን ለአገሬ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በደጁ የተሰለፉት ሁሉ ሲያዩት ተነሥተው መንገድ ለቀቁለት። ኡስታዝ ባቢክር ግን ከየት ያውቀዋል? ቀና ብሎ አየና ፊቱ በፈገግታ በራ።

«ማሻአላህ! ዛሬ ደግሞ ሌላ ነው። ቀለሙ እንዴት ያምራል!» አለ በዐረብኛ። ከልቡ ነበር። «ንገረው እንጂ» አለኝ።

አፌን ልከፍት ስል አዛናው ቀደመኝ። በዐረብኛ ተናገረ። የገበያ ዐረብኛ ነበር፣ ሰዋስው የሌለው፣ ግን አንዲት ቃል ያልጎደለችው።

«የሚስቴ ናት፣ ኡስታዝ። ሞታለች። እኛ ሰው ሲሞትብን ልብሳችንን እንገለብጣለን።»

ሹሙ ከወንበሩ ተነሣ። «አላህ ይርሐማት» አለ፤ ከዚያም እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆመ። አዛናው ካርዱን አቀረበ፣ ስሟ ሲሰረዝ ቆሞ አየ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ። እኔን አላየኝም። እኔ ግን በዚያች ወንበር ላይ እንደተቀመጥሁ፣ ዐረብኛ የሚሰማ ሰው ባለፈውም ጊዜ እንደሚሰማ፣ ሹሙ ያለውንም፣ የጠየቀኝንም፣ የመለስሁለትንም፣ ከዚያም በአማርኛ የዋሸሁትን ሁሉ አንድ በአንድ መስማቱን ተረዳሁ።

ከተስካሩ በኋላ ኡም ጋርጉር ገባ። ኮቱን ዳግመኛ አልገለበጠውም። በዚያው ፊቱ እየነጣ፣ ክርኑ እየሳሳ ለበሰው፤ ያዩት ሁሉ «ሙዲር አረጀ» ይሉ ነበር። ለሌላው ሰው መስፋቱን ግን አልተወም። ልብስ ይዞ የመጣውን አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ «ማን እንዲያይህ ነው?» ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለበዓል ያለውን አስውቦ ይሰፋለታል። ለቢሮ ያለውን ደግሞ፣ «ለቢሮ ከሆነ ቀዳዳውን ተወው» ብሎ ልብሱን ይመልስለታል። ተቆጥተውት የሄዱ አሉ። መጠለያው ውስጥ ግን አባባሉ ቀስ በቀስ እንደ ምሳሌ ተለመደ፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

እየሄድሁ እጠይቀው ነበር። ያነሣነው ነገር ሁሉ ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ ዋጋ ነው። ዓመታት አለፉ። ኡስታዝ ባቢክር ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ እኔም ዓይኔ በሞራ ተሸፍኖ ወረቀት ማንበብ ሲያቅተኝ ከሥራው ወጣሁ። ያው ዕጣ ለእኔም ደረሰኝና ለካርቱም ሕክምና ማመልከቻ አስገባሁ። ለቃለ መጠይቁ የተቀጠርሁበት ዕለት ሲቃረብ ወደ አዛናው ዘንድ ሄድሁ፤ ለምን እንደሄድሁ ለራሴም አልነገርሁትም።

«ነገ ነው?» አለኝ።

«ነገ ነው።»

«ኮትህን አውልቅ።»

የእኔ ኮት በግራ ክርኑ ላይ መጣፊያ ነበረው። ከብዙ ዓመት በፊት ራሱ አዛናው ከውስጥ ደርቦ፣ ክሩን ከሱፉ ቀለም ጋር አመሳስሎ የሰፋልኝ ነው፤ ልብስ ሰፊ እንኳ ፈልጎ አያገኘውም። ኮቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ በጣቱ ዳብሶ ስፌቱን አገኘው። መርፌውን ከስፌቱ ሥር ሰደደና መተርተር ጀመረ። ክሩ ሲበጠስ ድምፁ ይሰማኛል።

ዓይኔ ፊቱን ደህና አለማየቱ ለመጠየቅ ድፍረት ሳይሰጠኝ አልቀረም።

«አዛናው፣ ያን ቀን የተባለው ገብቶህ ነበር?» አልሁት።

«አንተ ያልነገርኸኝም ገብቶኛል።»

«ታዲያ አንተ ለምን አልተናገርህም? አንድ ኮት ነው ያለኝ አትላቸውም ነበር?»

መርፌውን አላቆመም።

«አንተስ ምለህ ነበር» አለ። «እኔን ማን አስማለኝ?»

መጣፊያው ተነሥቶ በጭኑ ላይ ወደቀ። ኮቱን አራግፎ አለበሰኝና ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ትንሽ አሰፋው።

በማግሥቱ አብሮኝ ገዳሪፍ ድረስ መጣ። እሱ ከቢሮው ደጅ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ቀረ፤ እኔ ገባሁ። አዲሱ ሹም የሐኪሙን ወረቀት ሲቀበለኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ዓይኑ ክርኔ ላይ ሲያርፍ በደበዘዘው እይታዬ እንኳ ታወቀኝ። አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ማኅተሙ ጠረጴዛውን ሲመታ ሰማሁ።

ስወጣ አዛናው ከዛፉ ሥር ተነሣ።

«ፈረሙልህ?»

«ፈረሙልኝ።»

ወረቀቱን አልጠየቀኝም። ክንዴን ያዘና ወደ ብርሃኑ አዞረው። ቀዳዳውን በሁለት ጣቱ ለካው፤ ጣቶቹን እንደለካ አንሥቶ ለብቻው ብዙ ጊዜ አያቸው።

«ይችን የምታህል» አለ። «ለአትጠገብ የጎደለቻት ይችን የምታህል ቀዳዳ ናት።»